ከአሥር ኩንታል አፈር ግማሽ ኪሎ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ “አንተ ናሚቢያ ዩራኒየም ስትቆፍር አልነበር እንዴ?” አለኝ። ነበርኩ። ለአምስት ዓመት። ሀገራችን ከሩሲያ ጋር በኒውክሌር ኃይል ጉዳይ መፈራረሟ ከተሰማ ወዲህ እንዲህ ያለው ጥያቄ በዝቶብኛል፣ ግን የእሱ ለየት ያለ ነው። አንድ የውጭ አገር ትንሽ ኩባንያ ለባለሀብቶች ያዘጋጀውን ባለ ብዙ ገጽ ማብራሪያ ሰው ልኮለታል። በትልቁ የተጻፈው ነገር አንድ ነው፦ ማዕድኑ ከመሬት በታች ከ5 ሜትር አይበልጥም። “በአካፋ ይወጣል እኮ! አክሲዮን ልግዛ?” አለኝ።

“ቆይ ልጽፍልህ” ብዬ ዘጋሁ። ስጀምረው ግን ለእሱ ብቻ የሚሆን አልሆነም።

በአካፋ ይወጣል ያለው ውሸት አይደለም። እኔ ራሴ በመዶሻ ጫፍ ቧጭሬ አግኝቼዋለሁ። ቦታው ናሚቢያ ነው፣ ከስዋኮፕሙንድ ከተማ ወደ በረሃው ገባ ሲባል። ጠዋት ከባሕሩ የሚነሳው ጉም ሁሉን ይሸፍናል፣ ረፋድ ላይ ይገፈፍና ጠጠር ብቻ የሆነ ሜዳ እስከ አድማስ ይታያል። ነጩን ቅርፊት መታ ስታደርጉት ከውስጡ እንደ እርድ ያለ ቢጫ ብናኝ ይወጣል። ካርኖታይት ይባላል። ዩራኒየም፣ ቫናዲየምና ፖታሲየም አንድ ላይ የያዘ ማዕድን ነው። መጀመሪያ ቀን ሳየው በጣም ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም ዩኒቨርሲቲ ስንማር ዩራኒየም ማለት ጥልቅ ነገር፣ ምሥጢራዊ ነገር ነበር። እዚህ ግን ጫማዬ ሥር ነው።

እንዴት እዚያ ደረሰ ላላችሁ፣ ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና እዩ። ውሃ እያፈላን ስንኖር ውስጡ ነጭ ነገር ይጋገራል አይደል? እሱው ነው። ከላይ ካሉት ግራናይት ተራሮች ዝናብ ትንሽ ትንሽ ዩራኒየም እያጠበ ያወርዳል። ውሃው በድሮ ወንዞች ሸለቆ ውስጥ፣ አሁን በአሸዋና በጠጠር በተሞላው ቦይ፣ በዝግታ ይሄዳል። በረሃ ስለሆነ ይተናል። ኖራው ጠጠሩን አጣብቆ ይጋግረዋል፣ ቢጫው ማዕድንም አብሮ በስንጥቁና በጠጠሩ ገላ ላይ ይቀራል። ይህን የተጋገረ ነገር ጂኦሎጂስቶች ካልክሪት ይሉታል። ሞሪታኒያም አለ፣ ምዕራብ አውስትራሊያም አለ። ጥልቅ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ የተሠራው ከላይ ስለሆነ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በእኛ ሥራ ሁሉም ነገር የሚለካው በፒፒኤም ነው፣ ማለትም ከአንድ ቶን ውስጥ ስንት ግራም። በዚህ ዓይነት ማዕድን 500 ፒፒኤም ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ ሰው ይጨፍራል። 500 ፒፒኤም ማለት ከአሥር ኩንታል አፈር ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ገበያው ደግሞ በኪሎ አይሸጥም፣ በፓውንድ ነው፤ ስለዚህ ከቶኑ 1.1 ፓውንድ ገደማ ይገኛል። ፓውንዱ 80 ዶላር ቢሸጥ አፈሩ ውስጥ ያለው ሀብት በቶን 88 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ ሳይወጣ የሚቀረው አለ። 150 ፒፒኤም ከሆነስ? 26 ዶላር አካባቢ። በዚህች 26 ዶላር ትቆፍራላችሁ፣ ትፈጫላችሁ፣ ታሞቃላችሁ፣ ውሃ ትገዛላችሁ፣ ለመንግሥት ትከፍላላችሁ፣ ባሕር ታሻግራላችሁ።

የእኛ ስንት ነበር? ቆዩ፣ እደርስበታለሁ።

ትንሽ የፍለጋ ኩባንያ ስል ብዙ ሰው ቢያንስ ሕንፃ ያለው ነገር ይመስለዋል። እኛ ስዋኮፕሙንድ ውስጥ የተከራየናት አንዲት ቤት፣ ሁለት ፒክአፕ መኪና፣ ሦስት ጂኦሎጂስት፣ አንዲት ሒሳብ የምትይዝ ሴትና ጥቂት የመስክ ሠራተኞች ነበርን። አለቆቹ ውጭ አገር ናቸው። ገቢ የለም፣ ዜሮ። የምንበላው የባለአክሲዮን ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ አዲስ አክሲዮን ታትሞ ይሸጣል፣ የድሮው ባለአክሲዮን ድርሻ ይቀጥናል፣ እኛ ደግሞ ለስምንት ወር እንተነፍሳለን። ከዚያ እንደገና። ለዚህ ነው ትንሽ ኩባንያ ሁልጊዜ የምሥራች የሚያወራው። ዝም ካለ ይሞታል።

የነበረን ትልቁ ንብረት ወረቀት ነበር፤ የፍለጋ ፈቃድ። በናሚቢያ ሕግ ፈቃዱ መጀመሪያ ለ3 ዓመት ይሰጣል፣ ከዚያ በ2 ዓመት በ2 ዓመት ይታደሳል፣ ሥራ እያሳያችሁ ከሆነ ነው ታዲያ። በ2007 (ዓመቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) መንግሥት ለአዲስ የዩራኒየም ፈቃድ እገዳ ጣለ፣ እገዳው እስከ 2017 ቆየ። የእኛ ከእገዳው በፊት የወጣ ነበር። አለቆቻችን ይህንን በየስብሰባው ሲናገሩ እንደ ርስት ነበር የሚያደርጉት።

በ2008 እዚያ ስደርስ አገሩ ገና ትኩሳት ላይ ነበር። ምክንያቱ ላንገር ሃይንሪክ ነው። ይህን ታሪክ ሳልነግራችሁ ብቀጥል ምንም አይገባችሁም።

ላንገር ሃይንሪክ በናሚብ ናውክሉፍት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ የካልክሪት ማዕድን ነው። በ1970ዎቹ ተገኝቶ፣ ተጠንቶ፣ ዋጋ ሲወድቅ ተትቶ ቆየ። በ2002 ፓላዲን የሚባል ትንሽ የአውስትራሊያ ኩባንያ፣ በጆን ቦርሾፍ የሚመራ፣ በ15,000 የአውስትራሊያ ዶላርና ወደፊት ከምርቱ ላይ በሚከፈል ትንሽ ድርሻ (ሮያሊቲ) ገዛው። በደንብ አንብቡት፣ አሥራ አምስት ሺህ። ያገለገለ መኪና ዋጋ። ያኔ ዩራኒየም በፓውንድ 10 ዶላር ገደማ ነበርና ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የፓላዲን አክሲዮን ራሱ አንድ ሳንቲም ድረስ ወርዶ ነበር። ከዚያ ዋጋው መውጣት ጀመረ። በ92 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ማዕድን ማውጫውን ሠሩ፣ በ2006 መጨረሻ ማምረት ጀመሩ፣ በ2007 አጋማሽ ዩራኒየም 136 ዶላር ገባ። የአንድ ሳንቲሙ አክሲዮን ወደ አሥር ዶላር ተጠጋ።

አሁን አስቡት። እኛ ከዚያ ቦታ ብዙም ሳንርቅ፣ በተመሳሳይ ድንጋይ ላይ፣ በተመሳሳይ የድሮ ወንዝ ዓይነት ላይ ቆመናል። ማን ያቆመናል?

ቁፋሮው እውነትም ርካሽ ነበር። ወርቅ የሚፈልጉት 300 ሜትር ሲወርዱ የእኛ ጉድጓድ 15 ሜትር ላይ አልቋል፤ ከሥር ያለው ጠንካራ አለት ላይ ስንደርስ ተነስቶ ወደ ቀጣዩ። መሰርሰሪያው በአየር ግፊት ስለሚሠራ ፍጥነቱ ደስ ይላል። ጉድጓዱ ሲያልቅ የጋማ መለኪያ በገመድ እናወርዳለን፣ በየሴንቲሜትሩ ጨረራውን እየቆጠረ ይወጣል፣ ማታ ኮምፒውተር ላይ ግሬዱ፣ ማለትም ስንት ፒፒኤም እንደሆነ፣ ይነበባል። ከላብራቶሪ ውጤት ለመስማት ሳምንታት መጠበቅ አያስፈልግም። በዚህ ዘዴ ነው ትንሽ ኩባንያ በትንሽ ገንዘብ በሺህ የሚቆጠር ጉድጓድ የሚቆፍረው። እኛም እንደዚያ አደረግን። በቁጥሩ ላይ ስሙን የሚፈርም ባለሙያ አለ፣ ያ በአውስትራሊያ ደንብ ግዴታ ነው፣ ክምችቱም በሦስት ደረጃ ይከፈላል፤ በግምት ያለ፣ የተሻለ መረጃ ያለው፣ በደንብ የተለካ። የእኛ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነበር። አማካይ ግሬዱ 200 ፒፒኤም ገደማ። ዜናው ሲወጣ አክሲዮኑ ዘለለ። እኛም ያን ቀን ቢራ ጠጣን።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

የጋማ መለኪያ ዩራኒየምን አያይም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ትምህርት ቤት ተምረናል፣ ግን ማወቅና ማመን ይለያያል። ዩራኒየም እየፈረሰ ሲሄድ ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ይወልዳል፤ ቶሪየም፣ ራዲየም፣ ሬዶን፣ ቢስመዝ። ጋማውን በዋናነት የሚረጩት ልጆቹ ናቸው። እናትየዋ ከልጆቿ ጋር እስካለች ድረስ ልጆቹን ቆጥሮ እናትን መገመት ይቻላል። ጥልቅ ባልሆነ ማዕድን ግን ውሃ አሁንም ይመላለሳል። በየስንት ዓመቱ አንዴ በሚመጣ ጎርፍ ዩራኒየሙ ሟሙቶ ወደ ታች ይሄዳል፣ ራዲየሙ ግን በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። መለኪያው ይጮሃል። ቤቱ ውስጥ ልጆች አሉ፣ እናት የለችም።

ናሙና ወደ ጆሃንስበርግ ላብራቶሪ የምንልከው ከስንት አንድ ነበር፣ ገንዘብ ለመቆጠብ። እኔ አንድ ጊዜ የሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የላይኛው 3 ሜትር ላይ የላብራቶሪው ቁጥር ሁልጊዜ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ሁልጊዜ። ለአለቃዬ አሳየሁት። “ጥቂት ናሙና ነው፣ አትቸኩል” አለኝ። አልቸኮልኩም። አንድ ዓመት ሙሉ አልቸኮልኩም፣ ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። በመጨረሻ ገለልተኛ አማካሪ መጥቶ ሁሉን እንደገና ሲያሰላው 200 የነበረው 150 ሆነ። በጣም ጥልቅ ያልሆነው፣ በአካፋ የሚወጣው፣ ለባለሀብት በፎቶ የምናሳየው ክፍል ነበር ባዶ የሆነው።

ዝቅተኛ ግሬድ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ትሬኮፒዬ እዚያው ሰሜን በኩል ነው። እሱም ካልክሪት፣ እሱም ገጹ ላይ ያለ፣ በጣም ሰፊ፣ ግን ግሬዱ በጣም ስስ። ዩራሚን የሚባል በ2005 የተቋቋመ ትንሽ ኩባንያ ይዞት ነበር። በ2007፣ ዋጋው ጣሪያ በነካበት ሰሞን፣ የፈረንሳዩ የኒውክሌር ኩባንያ አሬቫ ዩራሚንን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ቢሊዮን። ማዕድን ማውጫው በንግድ ደረጃ ማምረት ሳይጀምር ቆመ፣ አሬቫ በ2011 ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ኪሳራ መዘገበ፣ ጉዳዩ ፈረንሳይ ውስጥ እስከ ዐቃቤ ሕግ ደረሰ። እንግዲህ ላንገር ሃይንሪክ በ15,000፣ ትሬኮፒዬን የያዘው ኩባንያ በ2.5 ቢሊዮን። ሁለቱም ጥልቅ ያልሆኑ ናቸው።

አሬቫ ግን አንድ የሚጠቅም ነገር ትቶ ሄደ፤ ባሕሩ ዳር የሠራው የጨው ውሃ ማጣሪያ። ዛሬም አካባቢው ከእሱ ይጠጣል።

ይህ ወደ ውሃው ያመጣኛል። ካልክሪት ኖራ ነው ብያለሁ። ዩራኒየምን ከድንጋይ ለማውጣት የተለመደው ዘዴ አሲድ ነው፣ ኖራ ላይ አሲድ ብታፈሱ ግን ሎሚ በሶዳ ላይ እንደመጭመቅ ነው፣ አረፋ ብቻ፤ አሲዱን ኖራው ይጨርሰዋል። ስለዚህ በሶዲየም ካርቦኔት፣ በዚያው ልብስ ማጠቢያ በሚባለው ሶዳ ዓይነት፣ ሙቅ አድርጎ ማሟሟት ነው። ሙቅ ለማድረግ ነዳጅ፣ ለማሟሟት ውሃ። በረሃ ላይ። ደግነቱ ቢጫው ማዕድን በጠጠሩ ገላ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ መጀመሪያ አጥቦና ፈትጎ ድፍኑን ጠጠር መጣል ይቻላል፣ የሚቀረው ደቃቅ ጭቃ ግሬዱ ከፍ ይላል። ሞሪታኒያ ውስጥ ያለው የቲሪስ ፕሮጀክት፣ አውራ ኢነርጂ የሚባል ትንሽ ኩባንያ የያዘው፣ ዋና ተስፋው ይኸው ነው፤ ማዕድኑ ጥቂት ሜትር ላይ ነው፣ ፈንጂ አያስፈልገውም፣ በማጠብና በወንፊት ብቻ ግሬዱ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ሆኖ የ2024ቱ ጥናታቸው ግንባታው 230 ሚሊዮን ዶላር ይፈልጋል ብሏል። ለአካፋ ሥራ።

እና ማጠብ ስል፣ በምን?

እኛ ስለ ውሃ በቁም ነገር ማውራት የጀመርነው በአራተኛው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት በየሪፖርቱ “የውሃ አቅርቦት ከአካባቢው ይገኛል” የሚል ዐረፍተ ነገር ነበር፣ እኔም ጽፌዋለሁ፣ በእጄ። አካባቢው ምን እንዳለው ማንም ሄዶ አልጠየቀም። ስንጠይቅ ደረቁ ወንዝ ሥር ያለው ውሃ ለከተሞቹ ራሱ የማይበቃ ሆኖ ተገኘ። ከባሕር የተጣራውን በቱቦ ለማምጣት መስመሩ፣ ፓምፑ፣ ዋጋው ተደምሮ በዚያች በ26 ዶላሯ ላይ ሲጫን ወረቀቱን ያሰላችው ልጅ ሁለት ጊዜ ደግማ ደመረችው። ከዚያ ዝም አለች።

እናቴ ያኔ በየሳምንቱ ትደውላለች። የእሷ ጭንቀት ሌላ ነበር። “መርዝ ነው አሉ የምትነካው፣ ልጄ። ገና አላገባህም” ትለኛለች። እማዬን ለማስረዳት ብዙ ሞክሬያለሁ። ድንጋዩን በእጅ መያዝ አይገድልም። ዩራኒየም 238 ግማሹ ለመፍረስ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል፣ የማይቸኩል ነገር ነው። የሚያስፈራው አቧራውን መዋጥና መተንፈስ፣ በተዘጋ ቦታ ደግሞ ሬዶን ነው፤ ክፍት ሜዳ ላይ ሬዶኑን ነፋሱ ይወስደዋል። ደረታችን ላይ የጨረራ መለኪያ ባጅ እናደርጋለን፣ የሠራተኛ ገደብ በዓመት በአማካይ 20 ሚሊሲቨርት ነው፣ የእኔ አጠገቡም ደርሶ አያውቅም። “እሺ” ትላለች፣ ሳምንቱን ጠብቃ ያንኑ ትጠይቀኛለች። አሁን ሳስበው ግን እኔ ያልነገርኳት ነገር ነበር። ዩራኒየሙን አውጥተን ስንሸጥ ከድንጋዩ ጨረራ ትልቁ ክፍል፣ ከ80 በመቶ በላይ፣ የሚቀረው በዝቃጩ ውስጥ ነው፣ ከራዲየሙና ከቶሪየሙ ጋር። ዝቃጩ እዚያው አገር ይቀራል። የእኔ ባጅ ስለዚያ ምንም አይልም።

ሌላም አለ። ጥልቅ ያልሆነ ማለት ሰፊ ማለት ነው። ሮሲንግ፣ ከ1976 ጀምሮ የሚሠራው የአካባቢው ትልቅ ማዕድን ማውጫ፣ አንድ ግዙፍ ጉድጓድ ነው፤ ያስፈራል፣ ግን አንድ ቦታ ነው። የእኛ ዓይነቱ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ የሚገፈፍ ነው፣ ኪሎሜትር በኪሎሜትር። በዚያ ጠጠር ሜዳ ላይ አንድ መኪና ከመንገድ ቢወጣ የጎማው አሻራ ለብዙ አሥርት ዓመታት አይጠፋም። የመስክ ሠራተኛችን፣ የአካባቢው ተወላጅ አዛውንት፣ ከቅድመ አያቶቹ ዘመን የቀረ የበሬ ጋሪ መስመር አንድ ጊዜ አሳይተውኛል። መቶ ዓመት የማያጠፋውን መሬት “ከቁፋሮ በኋላ ወደነበረበት ይመለሳል” ብለን በአካባቢ ጥናቱ ላይ ጻፍን። ጻፍን እንግዲህ።

የቀረውን በአጭሩ። በ2011 መጋቢት ፉኩሺማ ደረሰ። እኛ ያን ሳምንት አዲስ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሰነድ እያዘጋጀን ነበር። ሰነዱ አልተላከም። ዋጋው እየወረደ፣ እየወረደ፣ በ2016 እስከ 18 ዶላር ደረሰ፣ እኛ ግን ያን ለማየት አልቆየንም። በ2013 ለቁፋሮ ድርጅቱ ያለብንን ዕዳ እንኳ በክፍፍል ከፈልን፣ ፈቃዱ አልታደሰም፣ መኪኖቹ ተሸጡ። የናሙና ሳጥኖቹ አንድ የተከራየነው መጋዘን ውስጥ ቀሩ። የመጨረሻ ሁለት ወር ደሞዜ እስከ ዛሬ አልደረሰኝም፤ ከጠበቃ ጋር ተጻጽፌ ተውኩት።

ብቻችንን አልነበርንም፣ ያ ያጽናናል ብላችሁ ካሰባችሁ። ፓላዲን ራሱ፣ ያ ሁሉ ያደነቀው፣ በ2017 ዕዳ ከብዶት በአስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ፣ ላንገር ሃይንሪክ በ2018 ማምረት አቆመ። እንደገና የጀመረው በ2024 መጋቢት መጨረሻ ነው፣ ዋጋው ከ100 ዶላር በላይ ወጥቶ ከታየ በኋላ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ እነሱ ፋብሪካው ተሠርቶ ነበር፣ ስድስት ዓመት ቆልፈውት መጠበቅ ቻሉ። እኛ የምንቆልፈው በር አልነበረንም። ቦርሾፍ በበኩሉ ከፓላዲን ከወጣ በኋላ ዲፕ የሎው የሚባለውን ኩባንያ ይዞ እዚያው አጠገብ ቱማስ የሚባለውን ካልክሪት አጠና፤ ጥናቱ ካለቀ በኋላ በ2025 ኩባንያው የመጨረሻውን የግንባታ ውሳኔ አዘገየ፣ ዋጋው ገና አይበቃም ብሎ። ያን ስሰማ ሳቅኩ። መጥፎ ሳቅ አይደለም። እኛ ያላወቅነውን መጠበቅ ያወቀ ሰው ነው ብዬ ነው።

ይህን ጽፌ ለአክስቴ ልጅ ላኩለት። ማታ ደወለ።

“አንብቤዋለሁ። ግን እኮ የእነዚህ ግሬድ ከእናንተ ይሻላል፣ 300 ነው የሚለው።”

“በላብራቶሪ ነው ወይስ በጋማ?”

“ጋማ… ጋማ ይላል፣ አዎ።”

“እሺ። ውሃውስ ከየት ነው?”

ስልኩ ላይ ገጽ ሲገልጥ ሰማሁት። ብዙ ቆየ።

“ገጽ 31 ላይ አለ” አለኝ። “‘ከአካባቢው ይገኛል’ ይላል።”